ሌባ የለመደው ቤት፦ የከርክሆልት ሰፈር ታሪክ

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። ቤቱ ከተሰረቀ በኋላ ቁልፍ ለሚቀይር ሰውም ጎረቤት የሚተርተው ይህንኑ ነው። የአንድ የእንግሊዝ ሰፈር ታሪክ ግን ተረቱ ሁልጊዜ እንደማይሠራ ያሳያል። ሌባው ከሄደ በኋላ መጮህም ይጠቅማል፤ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣልና። ቤትን መጠበቅ የባለጸጋ ጉዳይ ብቻ ነው ብለን ተስፋ ለምንቆርጥ ሁሉ ትምህርት ስላለው ታሪኩን ለእህቶቼ በአጭሩ አቀርባለሁ።

ከርክሆልት በማንችስተር አቅራቢያ ባለችው በሮችዴል ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። በጊዜው 2,280 ያህል ቤቶች ነበሩት። ቤቶቹ እኛ የቀበሌ ቤት እንደምንላቸው ከማዘጋጃ ቤቱ የሚከራዩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የሰፈሩ ሰው በሌባ ተማሮ ነበር። በ1985 ለፖሊስ የደረሰው የቤት ስርቆት ብዛት ሲሰላ፣ ከአራት ቤቶች አንዱ የተሰረቀ ያህል ይሆናል።

ፖሊስ፣ ማዘጋጃ ቤቱና ተመራማሪዎች በአገሪቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ድጋፍ አንድ ሥራ ጀመሩ። ዴቪድ ፎሬስተር፣ ማይክ ቻተርተንና ኬን ፒዝ የተባሉት አጥኚዎች ውጤቱን በ1988 አሳተሙ። አጥኚዎቹ ወደ መፍትሔ ከመሮጣቸው በፊት የጠየቁት የተሰረቁትን ሰዎች፣ ጎረቤቶቻቸውንና የተፈረደባቸውን ቤት ሰርሳሪዎች ጭምር ነው። ከዚህም ሦስት ነገሮች ወጡ።

አንደኛ፣ አንድ ጊዜ የተሰረቀ ቤት እንደገና የመሰረቅ ዕድሉ፣ ያልተሰረቀ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚሰረቅበት ዕድል ከአራት እጥፍ በላይ ነበር። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። ሌባው መግቢያውን አውቆታል፣ ምን ትቶ እንደሄደም ያውቃል።

ሁለተኛ፣ ከስርቆቱ ግማሽ ያህሉ ላይ የጠፋው ከቆጣሪ ውስጥ ያለ ገንዘብ ነበር። በብዙ ቤቶች የነበረው የመብራትና የጋዝ ቆጣሪ ሳንቲም እየተከተተበት የሚሠራ ነው። ሳንቲሙ ሰብሳቢ እስኪመጣ ድረስ እዚያው ይጠራቀማል። እያንዳንዱ ቤት በውስጡ ጥሬ ገንዘብ እንዳለው ሌባው አስቀድሞ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ሰርሳሪዎቹ የሚመርጡት ሰው የሌለበት የሚመስልና ከጎረቤት ዓይን የተሰወረ ቤት ነበር። አብዛኞቹም ከሩቅ የመጡ ሳይሆኑ የዚያው አካባቢ ሰዎች ነበሩ።

መፍትሔውም ከዚሁ ተቀዳ። የሳንቲም ቆጣሪዎቹ እየተነሡ ክፍያው በሌላ መንገድ እንዲሆን ተደረገ። የበርና የመስኮት ማጠናከሪያ ለ2,280ው ቤት በሙሉ አልታደለም፤ ቅድሚያ የተሰጠው አስቀድሞ ለተሰረቀው ነው። ማጠናከሪያውም ሌባው በእርግጥ በገባበት በኩል ተሠራ። ዕቃዎች ላይ ምልክት ተደረገ። ከሁሉም ይበልጥ ልብ የሚነካኝ ግን የጎረቤቱ ነገር ነው። በተሰረቀው ቤት ዙሪያ ያሉ ስድስት ያህል ቤቶች ያንን ቤት እንዲጠብቁ፣ እንግዳ ነገር ሲያዩም እንዲናገሩ ተጠየቁ። ሰፈሩን በሙሉ ለጥበቃ ከማሰለፍ ይልቅ ስድስት ቤት ለአንድ ቤት ዘብ ቆመ።

እኔ የሂሳብ ሰው ስለሆንኩ ዓይኔ ወደ ቁጥሩ ይሄዳል። ከሥራው በፊት በነበረው ዓመት የተመዘገበው የቤት ስርቆት 526 ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 223 ወረደ፤ በሦስተኛው ዓመት 132 ሆነ። ከመቶ 75 ያህል ቀነሰ ማለት ነው። በእርግጥ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ስለተሠራ የቁልፉን፣ የቆጣሪውንና የጎረቤቱን ድርሻ ለይቶ ማስላት አይቻልም። በሌሎች ቦታዎች ሲሞከርም ውጤቱ ሁልጊዜ እንዲህ አላማረም። ጥናቱ ግን ውስን ገንዘብ ያለው ሰው ከየት መጀመር እንዳለበት አሳይቷል። በኋላም በሰፈሩ የቁጠባና ብድር ማኅበር ተቋቋመ፤ ሰውን ወደ ስርቆት ከሚገፋው አንዱ ዕዳ መሆኑ ታውቆ ነበርና። ይህ ለእኛ ለማኅበር ሰዎች እንግዳ ሐሳብ አይደለም።

የእኛ ቤት የሳንቲም ቆጣሪ የለውም። ነገር ግን የዕቁብ ዕጣ የወጣላት እህት ብሩን ፍራሽ ሥር ስታሳድር፣ የዕድር ገንዘብ ያዥም የወሩን መዋጮ ቁም ሳጥን ውስጥ ስታቆይ፣ ቤታቸው ያንኑ ሳጥን ሆነ። የዕቁብ ቀን ደግሞ በሰፈሩ ሁሉ ይታወቃል። ስለዚህ ርካሹ ጥበቃ ገንዘቡን በዕለቱ ባንክ ማስገባት ነው፤ ምንም አያስወጣም። ቀጥሎ በሩ ይታይ። ከውጭ የተንጠለጠለ ጓጉንቸር ባለቤቷ አለመኖሯን ለአላፊ አግዳሚው ይናገራል። በበሩ ውስጥ የተገጠመ ቁልፍ ግን ሰው ይኑር አይኑር አያሳብቅም። ሌሊት ወጥታ ለምትሠራ ወይም ለገበያ ማልዳ ለምትነሣ እህት ደግሞ ለጎረቤት መንገር ከሁሉም ይቀድማል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ያልነው በከንቱ አይደለም።

በዚህ መሠረት ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። አባላችን ስትሰረቅ ሄደን «እግዜር ይተካልሽ» ብለን፣ አዋጥተን እንመለሳለን። መልካም ልማድ ነው፣ ይቀጥል። ነገር ግን ከመዋጮው ላይ አስቀድሞ ሌባው የገባበት በር ወይም መስኮት ይሠራ። በዚያው ቀን በአቅራቢያዋ ያሉ ጎረቤቶች ቤቷን ለመጠበቅ ቃል ይግቡ። ለጋሾቻችንም ስለ ደኅንነት በጀት ሲጠይቁን፣ ትንሹ ብር መጀመሪያ የሚሄደው ሌባ ወደ ለመደው ቤት ነው ብለን በልበ ሙሉነት መመለስ እንችላለን። ተክተን የገዛንላት ዕቃ በሳምንቱ ተመልሶ ከሄደ ሁለት ጊዜ ከስረናል።