የባሕር ማዶ የሙያ ሥልጠና ታሪክና ለከሚሴ አካባቢ የሚሰጠው ትምህርት

በኢትዮጵያ የሙያ ትምህርት ታሪክ ሁለት መንገዶች ጐልተው ይታያሉ። አንደኛው ባለሙያውን ወደ ተማሪው ማምጣት ሲሆን፣ ሁለተኛው ተማሪውን ወደ ባለሙያው መላክ ነው። በከሚሴና በዙሪያዋ ባሉት የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ወረዳዎች ለችግረኛ ቤተሰብ ልጆች በውጭ አገር የሥራ ልምምድ ስለ ማስገኘት ለሚያስብ መምህርና ዕቅድ አውጪ የሁለቱም መንገዶች ታሪክ ጠቃሚ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ጥንታዊ ምሳሌ ጋፋት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ አውሮፓውያን ባለ እጆችን ሰብስበው ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ከእነርሱ ጋር እየሠሩ እንዲማሩ አድርገዋል። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍም የተሠራው በዚያ ነው። ይሁን እንጂ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ባለ እጆቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ስለ ሄዱ ሥራው ተቋረጠ።

ለሁለተኛው መንገድ ጎልቶ የሚጠቀሰው ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኩባ የተላኩት ሕፃናትና ወጣቶች ታሪክ ነው። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች ከእነዚህ መካከል ይገኙበታል። ቁጥራቸው ከ2 ሺህ በላይ የሆነው እነዚህ ልጆች፣ ቀድሞ የፒኖስ ደሴት በሚባለውና በ1970 ዓ.ም. የወጣቶች ደሴት ተብሎ በተሰየመው ሥፍራ በአዳሪ ትምህርት ቤቶች ተቀመጡ። የቀኑ ግማሽ ለክፍል ትምህርት፣ ግማሹ በብርቱካንና በመሰል ተክሎች እርሻ ለሚሠራ ሥራ ይውል ነበር።

ከዚህ አሠራር በተለይ ሊጠና የሚገባው የቋንቋው ጉዳይ ነው። ተማሪዎቹ በስፓኝ ቋንቋ ሲማሩ፣ አብረዋቸው የሄዱ ኢትዮጵያውያን መምህራን አማርኛን፣ የአገራቸውን ታሪክና ጂኦግራፊ ያስተምሯቸው ነበር። ልጁ ሙያ ሲቀስም ከአገሩ እንዳይለይ ታስቦበታል ማለት ነው።

ድካሙ የታየው በመመለሻው ላይ ነው። በ1983 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ሲለወጥና የሶቪየት ኅብረት መፍረስ ኩባን በከባድ የኢኮኖሚ ችግር ላይ ሲጥል፣ ትምህርታቸውን ከጨረሱት መካከል ወደ አገራቸው ሳይመለሱ የቀሩ ነበሩ። በጋፋት መምህራኑ ሄደው ጥበቡ ተቋረጠ፤ በኩባ ደግሞ ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ በዚያው ስለ ቀሩ ዕውቀቱ ባሕር ማዶ ቀረ። የኩባው ሥልጠና የቆመው በመንግሥታት ወዳጅነት ላይ እንጂ በአገር ውስጥ በተዘጋጀ የሥራ ቦታ ላይ አልነበረም።

ይህ ለከሚሴ አካባቢ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ዛሬ በዞኑ ውስጥ ያለችው ባቲ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከታወቁት የረኀብተኞች መጠለያዎች አንዷ ነበረች። ከዚያም ወዲህ ከወሎ ብዙ ወጣቶች ሙያ ሳይዙ ወደ ዓረብ አገሮች ተጉዘዋል። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ ይዘውት የመጡት የምስክር ወረቀት አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ሥምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የሙያ ብቃት ማረጋገጫን መጠየቁ ከዚህ ጉድለት ጋር የሚያያዝ ነው።

ስለዚህ ተማሪን ወደ ውጭ ለመላክ የሚዘጋጅ ዕቅድ ሦስት ጥያቄዎችን አስቀድሞ ሊመልስ ይገባል። ተማሪው የሚለማመደው ሙያ በከሚሴ፣ በኮምቦልቻ ወይም በደሴ ሥራ የሚገኝበት ነውን? በዞኑ ልጁ በኦሮምኛ የጀመረውን ትምህርት ወደ ተቀባዩ አገር ቋንቋ የሚያሻግረው ዝግጅት ተደርጓልን? ሲመለስስ የተማረውን መዝኖ የሚያስመሰክርለትና የሚቀጥረው ማን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ካልተመለሰ፣ ድኻው ቤተሰብ ልጁን ይሰጣል እንጂ ባለሙያ አይቀበልም።