የአቤሜሌክ እንቅልፍና የብርሃን ፍጥነት

ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በነቢዩ በኤርምያስ ታዝዞ በለስ ሊለቅም ወጣ፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ዐረፍ ቢል እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ ጥቂት ያሸለበ መሰለው፤ በለሱም ገና እርጥብ ነበር። ነገር ግን 66 ዓመት አልፎ ኢየሩሳሌም ተለውጣ ቆየችው። ይህ በተረፈ ባሮክ ተጽፎ በአገራችን ሲነበብ ኖሯል።

ተአምሩን ለሃይማኖት ትተን ወደ ሳይንስ ብንመለስ፥ አልበርት አንስታይን በ1897 ዓ.ም. ጊዜ ለሁሉ በአንድ ልክ እንደማይሄድ አስረዳ። ብርሃን በሴኮንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ወደዚህ ፍጥነት የቀረበ መንገደኛ ሰዓቱ በምድር ከቀሩት ሰዎች ሰዓት ይዘገያል። በ1964 ዓ.ም. ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት አቶማዊ ሰዓቶችን በአውሮፕላን ይዘው ዓለምን ቢዞሩ፥ የታየው ልዩነት እጅግ ኢምንት ቢሆንም ከስሌቱ ጋር ተስማማ።

ምሳሌውን ወደ አገራችን እናምጣው። ዐፄ ዮሐንስ ከደርቡሾች ጋር በተደረገው የመተማ ጦርነት ቆስለው መጋቢት 2 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐረፉ። በዚያች ቀን አንድ የ30 ዓመት ወታደር፥ ጨቅላ ልጁን ትቶ፥ ከብርሃን ፍጥነት 99 ከመቶ በሚሮጥ መርከብ ከመተማ ወደ ሰማይ ወጣ እንበል። እርሱ 10 ዓመት ቆጥሮ ሲመለስ በምድር 71 ዓመት ያህል አልፎ ዘመኑ 1952 ዓ.ም. ሆኗል። አባት 40፥ ልጅ 71!

ልብ እንበል፤ ወታደሩ ዕድሜ አላተረፈም፤ የኖረው ያንኑ 10 ዓመት ነው። ያመለጠው ግን የልጁ ዕድሜ ሁሉ ነው።