በሬና ዐይን

ለልጄ ሥዕላዊ ፊደል ስሠራላት «አ»ን በአንበሳ፣ «ዐ»ን በዓሣ ሣልኩ። «ድምፃቸው አንድ ከሆነ ለምን ሁለት ሆኑ?» አለችኝ። እኔም ተደጋጋሚ ፊደላት ይሰረዙ ከሚሉት ወገን ነበርኩና መልስ አጣሁ።

መልሱ ያለው ሲና በረሃ ነው። ፍሊንደርስ ፔትሪ በ1905 (እ.ኤ.አ.) ሰራቢት ኤል ኻዲም ባገኛቸው የድንጋይ ጽሕፈቶች ላይ የበሬ ራስ፣ ቤትና ዐይን ተሥለዋል። አለን ጋርዲነር በ1916 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ የሥዕሉ ስም መነሻ ድምፅ ፊደል ሆነ። የዚያ ዘር በደቡብ ዐረብ ፊደል በኩል እኛ ዘንድ ደረሰ፤ የግዕዙ ሊቅም እስከ ዛሬ «አ»ን አልፍ፣ «በ»ን ቤት፣ «ዐ»ን ዐይን ይላል።

አንበሳውንና ዓሣውን ፍቄ በሬና ዐይን ሣልኩ። ልጄ «ዐ»ን ትኩር ብላ አይታ፣ «እውነትም ክብ ናት!» አለች።

አንባቢ ሆይ፣ እንግዲህ ከሁለቱ የትኛዋን ልሰርዝ?