የሞተር ምስክርነት፤ የብልሽት ቁጥር አመጣጥና አነባበብ

የአውቶሞቢል ሞተር ሕመሙን በድምፁ፣ በጢሱና በካንዴላው ቀለም ብቻ ይገልጽ በነበረበት ዘመን፣ የመካኒኩ ዋና መሣሪያዎች ዓይኑና ጆሮው ነበሩ። ይህን ልማድ የለወጠው የአየር ብክለት ጉዳይ ነው። የአሜሪካ መንግሥት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1970 የአየር ንጽሕና ሕግ ካወጣ በኋላ፣ ከ1975 ሞዴል ጀምሮ ጭሱን የሚያጣራ ካታላይዘር በአውቶሞቢሎች ላይ በስፋት ተገጠመ። በኋላ የመጣው ባለ ሦስት ተግባር ካታላይዘር ግን ሥራውን በሚገባ የሚፈጽመው ለ1 እጅ ቤንዚን በክብደት 14.7 እጅ ያህል አየር ሲደባለቅ ብቻ ነው። ይህን ሚዛን ተራ ካርቡሬተር ሊጠብቅ ስላልቻለ ሥራው ለኦክስጅን መለኪያና ለኮምፒውተር ተሰጠ።

ኮምፒውተሩ ሞተሩን ከተቈጣጠረ ዘንድ የታዘበውንም መመዝገብ ጀመረ። ጄኔራል ሞተርስ በ1981 በአሜሪካ በሸጣቸው የቤንዚን አውቶሞቢሎች ላይ ይህን ሥርዓት በስፋት አስገባ። በብዙዎቹ ሞዴሎች ላይ ከዳሽቦርዱ ሥር በሚገኘው ባለ 12 ቀዳዳ መሰኪያ «ኤ» እና «ቢ» የተባሉት ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ ይገናኛሉ። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ሲከፈት የማስጠንቀቂያው መብራት አንድ ጊዜ፣ ከጥቂት ፋታ በኋላም ሁለት ጊዜ ብልጭ ይላል፤ ይኸውም ቁጥር 12 ነው። ትርጕሙ ከዲስትሪቢውተሩ የመዞር ምልክት አልመጣም ማለት ሲሆን፣ ሞተሩ ስላልተነሣ ብልሽት አይደለም፤ መርማሪው ክፍል በሥራ ላይ መሆኑን ያረጋግጣል። እውነተኛዎቹ ቁጥሮች ከዚህ በኋላ ይከተላሉ፤ እያንዳንዱም ሦስት ጊዜ ይደጋገማል።

ይሁን እንጂ ፋብሪካዎቹ በአንድ ቋንቋ አልተስማሙም። የፎርድ ባለሙያ ቁጥሩን በቮልት መለኪያ መርፌ ውዝዋዜ ይቈጥር ነበር። የክራይስለር ደግሞ ቁልፉን በፍጥነት ሲያመላልስ መብራቱ ይመልስለታል። በቶዮታ ኮፈኑ ተከፍቶ በመመርመሪያው ሣጥን ውስጥ «ቲኢ1» እና «ኢ1» ይገናኛሉ። በአንዳንድ የሆንዳ ሞዴሎች ብልጭታው የሚታየው በኮምፒውተሩ አካል ላይ ነው። በመሆኑም ያንዱን ፋብሪካ መጽሐፍ ይዞ የሌላውን መኪና ማንበብ የባቢሎንን ግንብ እንደ መሥራት ነበር።

ከቋንቋው መለያየት የባሰው ስሕተት ግን በትርጕም ላይ የደረሰው ነው። በጄኔራል ሞተርስ አቆጣጠር ቁጥር 44 የጭሱ ኦክስጅን መለኪያ «ቤንዚን አንሷል» ብሎ ለረጅም ጊዜ መመስከሩን ያመለክታል። ቁጥሩን ያየ ሁሉ መለኪያውን አውልቆ አዲስ ይገዛል፤ ብዙ ጊዜም ቁጥሩ ተመልሶ ይመጣል። ምክንያቱም መለኪያው እውነቱን ተናግሮ ሊሆን ይችላል፤ የቤንዚን ግፊት ወርዶ፣ በመምጠጫው በኩል አየር ገብቶ፣ ወይም ከመለኪያው በፊት ያለው የጭስ ቧንቧ ተሰንጥቆ እንደ ሆነ ምስክሩን መቀየር ጥፋተኛውን አያስይዝም። ቁጥሩ ቅሬታው የተሰማበትን መሥመር እንጂ የተሰበረውን ዕቃ አይጠራም። እንዲሁም ቁጥሩን ሳያነብ የባትሪውን ገመድ የሚፈታ ሰው በአብዛኞቹ በእነዚህ መኪናዎች ላይ የምስክሩን ቃል ከመዝገቡ ይፍቃል።

የካሊፎርኒያ ግዛት ከ1988 ሞዴል ጀምሮ አውቶሞቢሎች ራሳቸውን እንዲመረምሩ አስገደደ። በ1990 የተሻሻለው የአየር ንጽሕና ሕግም የመመርመሪያው መረጃ በፋብሪካው ወኪሎች እጅ ብቻ ተይዞ እንዳይቀር ደነገገ። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ ለሚሸጡ ቀላል ተሽከርካሪዎች ባለ 16 ቀዳዳ መሰኪያና የጋራ ቁጥሮች ግዴታ ሆኑ፤ አውሮጳም ለቤንዚን አውቶሞቢሎች በ2001 ተከተለች።

ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስትከለክል፣ ቀድሞ የገቡት አሮጌ ሞተሮች ዕድሜ ማራዘም ይበልጥ አስፈላጊ ሆነ። ከእነዚህም መካከል በዘመናዊው መሣሪያ የማይነበቡ፣ ቁራጭ ሽቦና ትዕግሥት የሚጠይቁ አሉ። መብራቱን መቍጠር ለማንም አይከብድም። የባለሙያው ድርሻ ከቁጥሩ በኋላ ይጀምራል፤ ግፊቱን ለክቶ፣ ቧንቧውን ፈትሾ፣ ሽቦውን ተከትሎ ምስክርነቱን በማስረጃ ማጽናት አለበት። ያለ ምርመራ የሚለወጥ ዕቃ ዋጋ የሚከፈለው ከባለንብረቱ ኪስ ነውና።