የሐራን ባቡር በየትኛው ሶፍትዌር እናሂደው?

ሰሞኑን የድሮ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር እየመጡ «ቲቸር፣ ቀላል አኒሜሽን ለመሥራት የቱ ይሻላል?» ይሉኛል። መልሱ ታሪክ ስላለው እዚሁ ልጻፈው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለማወዳደር አንድ ሥራ እንያዝ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል እኛ ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው የባቡር መስመር ካርታ ላይ እንደ ቀይ ክር ቀስ እያለ ይዘርጋ። በአኒሜሽን አምስት ሰከንድ ነው። በሐዲዱ መቼ እንደሆነ እኔን አትጠይቁኝ።

አፍተር ኢፌክትስን በ1993 ያወጣው ኮሳ የሚባል ትንሽ የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ በዓመቱ አዶቢ እጅ ገባ። ትፈሩታላችሁ አይደል? ለዚህች ሥራ ግን መስመሩ ላይ ትሪም ፓዝስ የሚባለውን ትጨምሩና መነሻው ላይ 0፣ አምስተኛው ሰከንድ ላይ 100 ትሰጡታላችሁ። ሁለት ኪፍሬም፣ በቃ! ከባዱ ራሙና የወር ክፍያው ነው።

ፓወር ፖይንትን የሚንቅ ሰው አይገባኝም። መስመራችን ከደቡብ ወደ ሰሜን ስለሚወጣ «ዋይፕ»ን ከታች ወደ ላይ ማድረግ ይበቃል። ከ2010ሩ ጀምሮ ደግሞ በቪዲዮ ያስቀምጣል። መንገዱ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ቢሆን ግን ያጋልጣችሁ ነበር።

ብሌንደር ገጹ ጀማሪን ያስደነግጣል። ታሪኩን ግን እወደዋለሁ፦ በ2002 ኩባንያው ሲዘጋ ተጠቃሚዎቹ በሰባት ሳምንት 100,000 ዩሮ አዋጥተው ኮዱን ለሁሉም ነፃ አስለቀቁት።

ፍላሽ ይህን ዕድል አላገኘም። በ1996 ፊውቸርስፕላሽ ተብሎ ሲመጣ፣ መነሻና መድረሻውን ታስቀምጡለታላችሁ፣ መሃሉን ራሱ ይሞላዋል። እንደሱ የቀለለ አላየሁም። ማክሮሚዲያ ገዛው፣ ቀጥሎ ማክሮሚዲያን አዶቢ ገዛ። አይፎን ፍላሽን ሳይቀበል መጣ፤ በ2010 ስቲቭ ጆብስ ምክንያቱን በደብዳቤ ዘረዘረ። 2020 ሲያልቅ ድጋፉ ቆመ፤ በፍላሽ የተሠራ ትምህርት ሁሉ ብሮውዘር ላይ አልከፈት አለ።

የኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ቢገባም ለዓመታት በድሮዎቹ ፎንቶች ነበር የምንጽፈው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ «ሐራ» የላቲን ፊደልና ምልክት ሆና ቁጭ! ስለዚህ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ እሰብረው ነበር። ከዚያ በኋላ አንዲት ፊደል ማረም አይቻልም፤ እንደገና መጻፍ ነው።

እና የቱ ይሻላል? ለመምህር ፓወር ፖይንት፣ እንጀራው ሊያደርገው ለሚፈልግ አፍተር ኢፌክትስ፣ መክፈል ለማይችል ትዕግሥት ካለው ብሌንደር። የቱንም ብትይዙ ያለቀውን በቪዲዮ ጭምር አስቀምጡት።

ባለፈው ሳምንት ከአሮጌ ሲዲ የሀሁ ማስተማሪያዬን አውጥቼ ራፍል በሚባለው ነፃ ማጫወቻ ከፈትኳት። ፊደሎቹ አንድ ባንድ እየተንከባለሉ ገቡ፤ ሁሉም ሙሉ ናቸው። እናንተም ጋ የዚያን ጊዜ ሲዲ ካለ እንዳትጥሉት፣ አምጡልኝ።