የመንግሥት ደን ለምን ቶሎ ያልቃል? የዋግ ተራሮች ታሪክ የሚለን

ከሰቆጣ ወደ ደሃና ወረዳ ዋና ከተማ ወደ አምደወርቅ የሚጓዝ ሰው ከሩቅ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ካየ፣ መሃሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ማንንም ሳይጠይቅ ያውቃል። ጥዱም ወይራውም በአብዛኛው የቀረው እዚያ ነው። ከቅጥሩ ውጪ ያለው ዳገት ድንጋይ፣ እርሻና ቁጥቋጦ ይበዛበታል።

ለምን እንዲህ ሆነ ሲባል ሁለት መልሶች ቶሎ ይመጣሉ። አንዱ «ገበሬው ጨፈጨፈው» የሚል ነው፤ ሌላው «ድርቁ አጠፋው» የሚል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገር ግን ያው ገበሬ፣ በዚያው ድርቅ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዛፍ ለምን እንዳልጨረሰው አያስረዱም።

በእኔ እምነት መልሱ ያለው ከመጥረቢያው በኋላ በሚሆነው ነገር ላይ ነው። ደን የሚያልቀው ከቆረጣ በኋላ ቦታውን የሚጠብቅ፣ መልሶ የሚያበቅልና ጥቅሙን የሚያገኝ የታወቀ ባለቤት ሲጠፋ ነው። ይህን ለማየት ታሪኩን ከሥሩ እንጀምር።

ተራራው መቼ ተራቆተ?

በየመድረኩ የምንሰማው አኃዝ አለ፤ «ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር» ይባላል። አሜሪካዊው ፖለቲከኛ አል ጎርም እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሽፋኑ ከ40 ወደ 1 በመቶ የወረደው በአራት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ነው ብለው ጽፈው ነበር። የታሪክ ምሁሩ ጀምስ ማካን ግን እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት ይህ ትረካ በአስተማማኝ ልኬት ላይ እንዳልቆመ አሳይተዋል።

ለሰሜኑ ክፍል የተሻለው ማስረጃ ያለው ሐይቅ ውስጥ ነው። በደቡብ ወሎ ከሐይቅና ከሐርዲቦ ሐይቆች ወለል የተወሰደ ደለል የ3,000 ዓመት ገደማ የዕፅዋት ብናኝ ይዞ ተገኝቷል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ውጤት መሠረት የጥድና የዝግባው ደን የተመነጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት አካባቢ ነው። በምትኩ ክትክታና ሣር ለረጅም ዘመን ቦታውን ያዙ። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ጥዱ ከወይራ ጋር እንደገና ተስፋፋ። ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ደግሞ ምንጣሮውና የአፈር መከላቱ በረታ።

ወደ ዋግ የሚቀርብ ሌላ ማስረጃም አለ። እ.ኤ.አ. በ1868 በናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በአዲግራትና በአሸንጌ አድርጎ ወደ መቅደላ ወረደ። የዋግና የላስታ ገዥ የነበሩት፣ በኋላም ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ የተባሉት ዋግሹም ጎበዜ መንገዱን አልዘጉበትም። ጦሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት። ጃን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው ከ140 ዓመት በኋላ ፎቶዎቹ የተነሡባቸውን ቦታዎች ፈልገው እንደገና አነሷቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ውጤታቸው ብዙዎችን ያስገረመ ነው፤ መሬቱ በዚያን ዘመንም የተራቆተ ነበር፤ በዛፍና በቁጥቋጦ ረገድ እንዲያውም ዛሬ ይሻላል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የሺህ ዓመታት ዕዳ በዛሬው ገበሬ ትከሻ ላይ ብቻ አይጫንም። ሁለተኛ፣ የተመነጠረ ተራራ መልሶ ሊለብስ ይችላል፤ ከዚህ በፊትም ለብሷል።

አዋጅ በመጣ ቁጥር

በዘመናዊ ሕግ ደንን ለመምራት የተሞከረው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የመንግሥት፣ የግልና የጥበቃ ደንን የሚለዩ ሦስት አዋጆች ወጡ። ወረቀቱ ላይ መልካም ነበር። ዳሩ ግን ብዙ ሳይሠራበት አብዮቱ ደረሰ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ጭሰኛውን ነጻ ያወጣው አዋጅ ለዛፉ ግን ጥያቄ ትቶ ሄደ፤ ትናንት የባላባቱ የነበረው ደን ዛሬ የማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የደን አዋጅ ትልልቁን ደን ለመንግሥት፣ አነስተኛውን ለገበሬ ማኅበራትና ለከተማ ቀበሌዎች ሰጠ። በዚያው ዘመን በምግብ ለሥራ በወሎ ተራሮች ላይ እርከን ተሠራ፣ ችግኝ ተተከለ፣ ዳገቶች ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ ተደረጉ። ከ1977ቱ ረሀብ የተረፈው ሕዝብ ጉድጓድ የቆፈረው ስንዴና ዘይት እየተቀበለ ነው። ዛፉ ሲያድግ ማን ይቆርጠዋል፣ ገንዘቡስ ለማን ነው ለሚለው ግን ግልጽ መልስ አልተሰጠውም።

መልሱ በ1983 ዓ.ም. ታየ። ደርግ ሲወድቅ በብዙ የወሎ አካባቢዎች የመንግሥትና የማኅበር ደን የተባለው ሁሉ መጥረቢያ ገባበት። በኮምቦልቻ አናት ላይ ያለው የየጎፍ ደን አንዱ ምሳሌ ነው። ደኑ ሲሰፋ ከመሬታቸው የተነሡ ሰዎች ነበሩ፤ ጠባቂው መንግሥት ሲወድቅ ከፊሉ ተጨፈጨፈ። ያን ጊዜ የቆረጠውን ሰው «የተፈጥሮ ጠላት» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ሰውየው ግን በእጁ የተከለውንም ቢሆን የራሱ ነው ብሎ አያውቅም ነበር። ዛሬ ካልወሰደው ነገ ሌላው እንደሚወስደው ነው የሚያውቀው።

ቆረጣን እንዴት እንመዝነው?

«ዛፍ አይቆረጥ» የሚለው መፈክር ገጠር ሲደርስ አያስኬድም። ሞፈርና ቀንበር፣ ወራጅና ማገር፣ ማገዶም ከዛፍ ነው። ማገዶ ሲታጣ ኩበት ይነድዳል፤ ኩበቱ ሲነድድ ማሳው ፍግ ያጣል። ስለዚህ ዛፍ አለመቁረጥም ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ በአብዛኛው እንጨት የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው።

ጉዳቱም ከቦታ ቦታ፣ ከዛፍ ዛፍ ይለያያል። ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ወይራም ያቆጠቁጣል። የአበሻ ጥድ ግን አንዴ ከተቆረጠ ከጉቶው አይነሣም፤ ከዘር መብቀል አለበት። ችግኙ ደግሞ ፍየል በተለቀቀበት ዳገት ላይ አያድግም። በሜዳ ላይ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ይተካል፤ በዋግ ገደል ላይ የተቆረጠ ጥድ ግን አፈሩን ይዞ ይሄዳል። የዋግ ወንዞች ወደ ተከዜ ይወርዳሉ፤ አፈሩም አብሯቸው ይወርዳል። 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የተከዜ ግድብ ከዚህ ደለል ድርሻውን ይቀበላል።

ሳይቆረጥም የሚያልቅ ዛፍ አለ። በአበርገሌና በዝቋላ ቆላ የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ ዋናው አደጋው መጥረቢያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው በብዙ ቦታ ወጣት ዛፍ የለም፤ ከብት፣ እሳትና ያለ ዕረፍት መድማት ተተኪ አሳጥተውታል። በዚሁ ከቀጠለ የዕጣኑ ምርት በሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ተገምቷል። ዕጣን አምራቹ ለኮንትራቱ ዘመን ይለቅማል፤ እረኛው ለዛሬ ግጦሽ ይነዳል፤ የሃያ ዓመቱን ዛፍ የሚያስብ ግን አልተገኘም።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እንመለስ። በላስታ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከ800 ዓመት በፊት እንጨትና ድንጋይ እየተነባበረ የተሠራ ነው። ያ ሁሉ እንጨት ተቆርጦ የመጣ ነው። ዙሪያው ግን እስከ ዛሬ ጥድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ዛፍ ቆርጣለች፤ ነገር ግን ወሰኑ ይታወቃል፣ ማን እንደሚፈቅድ ይታወቃል፣ የተቆረጠው ለምን እንደዋለ ሁሉም ያያል። የቤተ ክርስቲያን ደንም እንከን የለሽ አይደለም። በየቦታው ጠርዙ በእርሻ እየተበላ፣ በአገር በቀሉ ፋንታ ባሕር ዛፍ እየገባበት ነው። ሆኖም ከነገሥታቱም፣ ከደርግም፣ ከኢሕአዴግም ዘመን ያለፈው ይህ ደን ነው።

ዛሬስ?

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የምንሰማው የችግኝ ቁጥር ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ተብሏል። መትከሉ ይበል የሚያሰኝ ነው። ግን የ1970ዎቹም ዘመቻ ብዙ ተክሎ ነበር። ያ ዘመቻ የወደቀበትን ጥያቄ ይኸኛውስ መልሶታል?

መልሱ በሕግ ደረጃ ተጀምሯል። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከመንግሥት ደን ሌላ የግል፣ የማኅበረሰብና የማኅበር ደን ብሎ ያውቃል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ የሚጠቅመው ግን አምደወርቅ ያለው ቀበሌ እጅ ሲገባ ነው። ስለዚህ ከሚቀጥለው ክረምት ጉድጓድ በፊት በየተፋሰሱ የተከለለው ዳገት ወሰኑ ይለካ፤ የይዞታ ማረጋገጫው በማኅበረሰቡ ስም ይውጣ፤ ምን፣ መቼና በማን ፈቃድ እንደሚቆረጥ በሽማግሌዎች፣ በካህናትና በሴቶች ፊት ይጻፍ፤ ሣሩም እንጨቱም ሲሸጥ ድርሻው ይታወቅ።

«ማኅበረሰቡስ ቢጨርሰው?» የሚል ይኖራል። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መንግሥት ብቻውን ሲጠብቅ ምን እንደሆነ በ1983 አይተናል። ዋግ ከጦርነቱ ወዲህ ብዙ ተፈናቃይ አስጠግታለች፤ ማገዶ ይፈለጋል፣ ከሰል ይሸጣል። በክልሉ የመንግሥት እጅ የማይደርስባቸው ቦታዎችም እየበዙ ነው። የደን ዘበኛ በሌለበት ቀን ዳገቱን የሚጠብቀው «የእኔ ነው» የሚል ጎረቤት ብቻ ነው።

መንግሥት ይመጣል፣ ይሄዳል። ጥድ ለመድረስ ከአንድ መንግሥት ዕድሜ በላይ ይፈልጋል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና፣ ባለቤቱን ዛሬ እንጻፈው።