የዝናብ ወሬ ሲደበቅ



ከመካከላችሁ የወግዲ ወይም የመካነ ሰላም ተወላጅ ቢኖር፥ በልግና ክረምት ለወሎ ገበሬ ምን ማለት እንደ ሆኑ ያውቃል። ዝናብ ሲቀር አስቀድሞ የሚያውቀው ገበሬው ነው፤ ቀጥሎ የወረዳው ሹም ይሰማል፤ ከዚያም ወሬው በወረቀት ሰፍሮ ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። የዛሬው ንግግራችን ይህ ወረቀት ከደረሰ በኋላ ስለሚገጥመው ዕጣ ነው።

በ1964 ዓ.ም. ክረምት በወሎ ጠቅላይ ግዛት፥ ይልቁንም በምሥራቁ ቆላ፥ ዝናቡ አነሰ፤ የ1965 በልግም ከሸፈ። የእርሻ ሚኒስቴር ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ጋር ያደረገው የሰብል ጥናት አደጋውን አመልክቶ ነበር፤ ዳሩ ግን ለሕዝብ ሳይገለጽ ተዳፍኖ ቀረ። የሕፃናት መርጃው ድርጅት ያዘጋጀውንም ሪፖርት ባለሥልጣኖች የአገርን ስም ያጎድፋል ሲሉ ተቃወሙት።

በዚህ መካከል የተራበው ሕዝብ ወደ ደሴ መንገድ ፈለሰ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ያነሡትን ፎቶግራፍ ለተማሪዎች አሳዩ። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን በአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

የሞተው ሕዝብ ግምት ከ40,000 እስከ 200,000 ይደርሳል። ልዩነቱ ይህን ያህል የሰፋው በወቅቱ ቆጥሮ የመዘገበ ባለመኖሩ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እንዳስረዳው፥ በዚያን ጊዜ በአገሪቱ እህል ጨርሶ አልጠፋም ነበር፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ስፍራ ይጫን ነበር። እንግዲህ ወሬው በጊዜው ቢገለጥ ኖሮ እህሉን ወደ ተራበው መመለስ በተቻለ ነበር።

ትምህርቱ ግን ፈጥኖ ተዘነጋ። በ1976 ዓ.ም. የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን አዲስ ረኃብ መምጣቱን ለለጋሾች አስታወቀ። መንግሥት ግን የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በዓል በመስከረም 1977 እስኪያከብር ድረስ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ከለከለ። ሥርዓቱ ቢለወጥም ልማዱ አልተለወጠም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። ወዳጆቼ፥ ከወረዳ የሚመጣውን የዝናብና የሰብል መዝገብ የሚያነበው፥ የሚያጠቃልለውና ለበላይ የሚያቀርበው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የጻፈውን ቁጥር አለቃ እንዳይከፋው ቢያለዝበው ሰማዩ አይዘንብም፤ የሚታለለው መጋቢው ብቻ ነው። ስለዚህ መዝገቡን እንደ መጣ ማሳለፍ ታላቅ የአገር አገልግሎት ነው።